ምጥ እና ወረቀት

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።» አራስ ልንጠይቅ ስንገባ አፋችን ላይ የሚቀድመው ቃል ይህ ነው። ልብ ብሎ ለሰማው ብዙ ይናገራል። «እንኳን ተሳካልሽ» አላልናትም፤ «እንኳን እንዳሰብሽው ሆነልሽ»ም አላልናትም። ማረችሽ ነው ያልናት። ምሕረት ይለመናል፣ ይጠበቃል፣ ሲመጣ ይመሰገናል እንጂ በቀንና በሰዓት አይታቀድም። ከመውለዷ በፊት «ማርያም ትቅረብሽ»፣ በምጡ መሀል «ማርያም፣ ማርያም»፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ «በሰላም ተገላገለች»። በቋንቋችን ወሊድ ሰው የሚያዘው ሥራ ሳይሆን ሰው የሚያልፍበት መንገድ ነው።

ዛሬ ግን ዋሽንግተን ወይም ለንደን የምትኖር አንዲት ሐበሻ ነፍሰ ጡር ክትትል ስትጀምር አንድ ወረቀት ሊቀርብላት ይችላል። «የወሊድ ዕቅድ» ይባላል። ምጥ ክፍል ማን አብሮሽ ይግባ? የሕመም ማስታገሻ ትፈልጊያለሽ ወይስ ያለ መድኃኒት መሞከር ነው የምትፈልጊው? ተኝተሽ ነው ወይስ እየተንቀሳቀስሽ ማማጥ የምትመርጪው? እትብቱን ማን ይቁረጠው? ልጁ እንደተወለደ ደረትሽ ላይ ይደረግ? አገር ቤት ላለችው እናቷ በስልክ ብታነብላት፣ እናት «አይ ልጄ፣ ምጥ ደግሞ ወረቀት ያነባል እንዴ?» ብትላት አይገርምም።

እናትየው እውነት አላት። ወረቀቱም ግን ዝም ብሎ የመጣ ፋሽን አይደለም፤ ብዙ ሴቶች የተንገላቱበት ረጅም ታሪክ አለው። ታሪኩን ተከትለን ስንሄድ የምናገኘው አንድ የሚደጋገም ነገር ነው፦ ሴቶችን የጎዳው ዕቅድ መኖሩ ሳይሆን፣ መቼ መለወጥ እንዳለበት ያልተጻፈበት ዕቅድ ነው። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ አልለወጥም ያለው ዕቅድ የእናቲቱ አልነበረም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልዕልቲቱ እና ደንቡ

እ.ኤ.አ. ኅዳር 1817 እንግሊዝ አገር። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ 15 ልጆች ወልደዋል፤ ሕጋዊ የልጅ ልጃቸው ግን አንዲት ብቻ ነበረች፤ የ21 ዓመቷ ልዕልት ቻርሎት። ዙፋኑ የሚጠብቀው እሷን ነበር። ከጀርመናዊው ልዑል ሊዮፖልድ ጋር ተጋብታ ፀንሳለች፤ ቀኗ አልፎ ሁለት ሳምንት ገደማ ተቆጥሯል።

የሚያዋልዳት ሰር ሪቻርድ ክሮፍት ነበር። ክሮፍት ሰነፍ ሐኪም አልነበረም። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው የወሊድ ሐኪም የቶማስ ዴንማን አማች ነው፤ ትምህርቱንም ከእሱ ወስዷል። የዴንማን ትምህርት ደግሞ በዘመኑ ከነበረው ልማድ አንጻር ደግ ትምህርት ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩ ሐኪሞች ትንሽ በዘገየ ቁጥር ፎርሴፕስ (የሕፃኑን ጭንቅላት ይዞ የሚያወጣውን ብረት) እያስገቡ ብዙ እናትና ልጅ ጎድተዋል። ስለዚህ ተፈጥሮ የራሷን ሥራ ትሥራ፣ ብረት የመጨረሻ ነገር ይሁን ተባለ። ደንብም ተቀመጠ፦ የልጁ ጭንቅላት ታች ደርሶ ስድስት ሰዓት ሳይቆይ ፎርሴፕስ እንዳይነካ።

ምጡ የጀመረው ሰኞ ኅዳር 3 ማታ ነው። የመጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም የማሕፀን በር እስኪከፈት ያለው ጊዜ፣ 26 ሰዓት ፈጀ። የመግፋቱ ክፍል ደግሞ 24 ሰዓት። ክሮፍት ሌላ ሐኪም፣ ዶክተር ጆን ሲምስን፣ ፎርሴፕስ ቢያስፈልግ ብሎ አስጠርቷል። ሲምስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ደረሰ። ነገር ግን ምጥ ላይ ያለችውን ልዕልት አላያትም፤ ሌላ ክፍል ሆኖ ጠበቀ። ብረቱም ሰውየውም እዚያው ቤት ውስጥ እያሉ ደንቡ እንደተጠበቀ ሰዓቱ ነጎደ።

ረቡዕ ኅዳር 5 ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ሞቶ። እንግዴ ልጁ አልወርድ ብሎ በእጅ ወጣ፤ ደም ፈሰሰ። ትንሽ የተረጋጋች መሰለች። ከአምስት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ቻርሎትም ሞተች።

ከሦስት ወር በኋላ፣ በየካቲት 1818፣ ክሮፍት ሌላ ሴት በምጥ ላይ ሳለች ሊያዋልድ ገብቶ ባደረበት ቤት ራሱን በሽጉጥ ገደለ። አንድ ወሊድ፣ ሦስት ሬሳ።

ፎርሴፕስ ቢገባ ኖሮ ትተርፍ ነበር? ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በዚያን ጊዜ የእጅ መታጠብ ወግ የለም፣ ደም መስጠት የለም፣ መግደል የሚችል ብዙ ነገር ነበር። የሚያሳዝነው ግን የክሮፍት ዕቅድ ክፉ ዕቅድ አለመሆኑ ነው። ጉዳት ለማስቀረት የወጣ ደንብ ነበር። የጎደለው «ይህን ካየህ ደንቡን ተው» የሚል ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ነው።

የቻርሎት ሞት አጎቶቿን ወራሽ ፍለጋ ወደ ጋብቻ አሯሯጣቸው። ከእነሱ አንዱ፣ የኬንቱ መስፍን፣ በ1818 አገባ፤ በግንቦት 1819 ልጅ ወለደ። ልጅቱ ቪክቶሪያ ተባለች።

«ስቃዩን ብቻ ውሰዱልኝ»

ቪክቶሪያ ዘጠኝ ልጅ ወልዳለች፤ እርግዝናንም ምጥንም አትወድም ነበር። በ1847 የኤዲንብራው ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን በመጀመሪያ ኢተርን፣ ቀጥሎ ክሎሮፎርምን ለምጥ ሕመም ሲጠቀም ወሬው ቤተ መንግሥት ደረሰ። ሚያዝያ 7 ቀን 1853 ስምንተኛ ልጇን ስትወልድ ዶክተር ጆን ስኖው ተጠራ። ስኖው ክሎሮፎርሙን በታጠፈ መሐረብ ላይ ጥቂት በጥቂት እያንጠባጠበ፣ ምጡ ሲመጣ አስጠግቶ ሲሄድ እያራቀ፣ ለ53 ደቂቃ ሰጣት። ራሷን አልሳተችም። ደስታዋንም በማስታወሻዋ አሰፈረች። ሕፃኑ ሊዮፖልድ ተባለ፤ በአጎቷ ስም፣ በዚያው ቻርሎት በሞተችበት ባል ስም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ንግሥቲቱ ምጥ ክፍሏ ውስጥ የምትፈልገውን ተናግራ አስፈጽማለች። በዘመኑ እንዲህ ለማድረግ ዙፋን ያስፈልግ ነበር። ለተራዋ ሴት ጥያቄው እስኪደርስ ስድሳ ዓመት ፈጀ፤ ሲደርስ ደግሞ በሌላ መልክ ደረሰ።

ጀርመን አገር ፍራይቡርግ ውስጥ በርንሃርት ክሮኒግ እና ካርል ጋውስ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ሞርፊንና ስኮፖላሚን ቀላቅለው ለምጥ መስጠት ጀመሩ። «ድንግዝግዝ እንቅልፍ» ተባለ። ሴትየዋ አትተኛም፤ ታምጣለች፣ ትጮኻለች፤ ነገር ግን ሲያልቅ ምንም አታስታውስም። በ1914 ማክክሉርስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ ፍራይቡርግ ረጅም ጽሑፍ ሲያወጣ አሜሪካ ተናወጠች። ለሴቶች የምርጫ መብት ይታገሉ ከነበሩት ብዙዎቹ ይህንንም አነሱት። ማኅበር ተቋቋመ፣ በየአዳራሹ ንግግር ተደረገ። ሐኪሞች «አደገኛ ነው» ሲሉ ሴቶቹ «ሕመሙ የእኛ፣ ውሳኔውም የእኛ» አሉ። ሴቶች በአደባባይ ተሰብስበው «እንዲህ አድርጋችሁ አዋልዱን» ሲሉ በዘመናዊው ዓለም ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? ፍራይቡርግ ላይ መድኃኒቱ የሚሰጠው እየተመዘነ ነበር። አዋላጇ አጠገቧ ቁጭ ብላ ዕቃ ታሳያታለች፤ ቆይታ «ይህን ቅድም አይተሽዋል?» ትላታለች። ካስታወሰች ይጨመራል፣ ካላስታወሰች ይቆያል። ለእያንዳንዷ ሴት ለብቻዋ። አሜሪካ ሲገባ ግን በተጨናነቁ ሆስፒታሎች ለዚህ ጊዜም ሰውም አልነበረም። ለሁሉም አንድ ልክ ሆነ። ሴቶቹ በመድኃኒቱ ሲቃዡ እንዳይወድቁ አልጋ ላይ ታሰሩ። የዘመቻው አንደበት ከነበሩት አንዷ፣ ፍራንሲስ ካርሞዲ፣ በ1915 በወሊድ ደም ፈሷት ሞተች። ባለቤቷ በመድኃኒቱ አይደለም ቢልም ዘመቻው ቀዘቀዘ። ስኮፖላሚን ግን ከሆስፒታል አልወጣም፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ለመጣችው ሁሉ፣ ለጠየቀችውም ላልጠየቀችውም፣ ይሰጥ ነበር።

ሴቶቹ የጠየቁት የሚመዘን፣ የሚጠባበቅ፣ አጠገብ የሚቀመጥ እንክብካቤ ነበር። የተሰጣቸው መርፌው ብቻ ነው።

በ1957 መጨረሻ አንዲት ነርስ ሌዲስ ሆም ጆርናል ለተባለው የሴቶች መጽሔት ደብዳቤ ጻፈች፤ በወሊድ ክፍሎች ስላለው ጭካኔ መርምሩ የሚል። መጽሔቱ ደብዳቤዋን ሲያወጣ ከየአገሩ ማዕዘን የእናቶች ደብዳቤ ጎረፈ። በግንቦት 1958 በወጣው እትም ታተመ፦ እጅና እግራቸው ለሰዓታት የታሰረ፣ ብቻቸውን የተተዉ፣ ሐኪሙ እስኪመጣ ልጁ እንዳይወጣ የተደረጉ ሴቶች። ጽሑፉን ያነበበች የዚያ ዘመን እናት «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» ያለችበት ጊዜ ነው።

ያለ ፍርሃት፣ ግን በውጤት

መልሱ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ-ሪድ በ1933 ባወጣው መጽሐፍ ምጥን የሚያከብደው ፍርሃት ነው አለ፦ ፍርሃት ሰውነትን ያስጨንቃል፣ ጭንቀቱ ሕመም ይወልዳል፣ ሕመሙ መልሶ ፍርሃት። ሴቲቱ የሚሆነውን ብታውቅ፣ ብትረጋጋ፣ ብቻዋን ባትተው ብዙው ይቀላል። ፈረንሳዊው ፈርናን ላማዝ ደግሞ በ1951 ሶቪየት ኅብረት ሄዶ እናቶች በትምህርትና በአተነፋፈስ ሲዘጋጁ አየ፤ ፓሪስ ተመልሶ በብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ክሊኒክ ተገበረው። ዘዴው በ1960 ገደማ አሜሪካ ገባ። ባል ምጥ ክፍል መግባት የጀመረው፣ ሴቶች ትራስ ይዘው የወሊድ ትምህርት ቤት መሄድ የጀመሩት በዚህ ነው።

ትልቅ ነገር ነው። ሴትን ከአልጋ እስራት ፈትቶ ነቅታ እንድትወልድ መብት የሰጣት ይህ እንቅስቃሴ ነው። ነገር ግን እሱም የራሱን ደንብ ይዞ መጣ። ላማዝ እናቶቹን በውጤት ይመድብ ነበር፤ ከ«በጣም ጥሩ» እስከ «ሙሉ በሙሉ የወደቀች»። የጮኸች ሴት፣ አተነፋፈሷ የተዘበራረቀባት ሴት ወደ ታች ትወርዳለች። ምጥ ፈተና ሆነ፤ ወላድ ተፈታኝ።

ዛሬም ብዙ ሴቶችን የሚያሳምመው ይሄ ነው። ያለ መድኃኒት እወልዳለሁ ብላ የተዘጋጀች ሴት ከ20 ሰዓት በኋላ «በቃኝ፣ ማስታገሻ ስጡኝ» ብትል፣ ወይም ነገሩ ተበላሽቶ በኦፕራሲዮን ብትወልድ፣ ጤነኛ ልጅ ታቅፋ «አልቻልኩም» የሚል ኀፍረት ይዛ ወደ ቤት ትሄዳለች። እኛ ዘንድም «በምጥ ወለድሽ ወይስ በኦፕራሲዮን?» የሚለው የጠያቂ ጥያቄ አለ፤ ክፋት የለበትም ይሆናል፣ ግን ሆዷን ቆርጦ የወጣ ልጅ ያነሰ ወሊድ ይመስል ድምፁ ውስጥ መዝኖ የሚያስቀምጥ ነገር አለ። ሆዷን የተቀደደች ሴት ማርያም አልማረቻትም እንዴ?

የ1980ው ወረቀት

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ሰባዎቹ ላይ አሜሪካ ውስጥ አንዲት ሴት ለመውለድ ሆስፒታል ስትገባ ሳትጠየቅ የሚደረግባት ብዙ ነበር። ጸጉሯ ይላጫል፣ ሆዷ በውሃ ይታጠባል፣ ምግብና መጠጥ ይከለከላል፣ በጀርባዋ ትተኛለች፣ መውጫዋን ለማስፋት በመቀስ ትቆረጣለች፣ ልጇ ተወስዶ ሕፃናት ክፍል ይገባል። ለአንዳንዷ ያስፈልግ ይሆናል። ለሁሏም መደረጉ ግን የሆስፒታሉ ዕቅድ ስለሆነ ነው። በኦፕራሲዮን መውለድም በ1970 ከመቶ 5.5 የነበረው በ1980 ከመቶ 16.5 ደረሰ።

በ1980 ሲያትል ውስጥ ፔኒ ሲምኪን እና ካርላ ራይንኪ የተባሉ ሁለት የወሊድ አስተማሪዎች አንድ ትንሽ በራሪ ጽሑፍ አዘጋጁ፤ የልጅሽን ወሊድ እንዴት ታቅጃለሽ የሚል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ምን ምን ምርጫ እንዳለሽ እወቂ፣ ከሐኪምሽ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ፣ የተስማማችሁበትን ጻፉ። ወረቀቱ የታሰበው ለንግግር መነሻ እንዲሆን ነው። ምጥ ይዟት የገባች ሴት ስለ ራሷ ልትከራከር አትችልም፤ ስለዚህ ገና በልቧና በአንደበቷ ሳለች ትናገር።

ወረቀቱ ግን እንደ ማንኛውም ወረቀት ተባዛ። መልመጃው ቅጽ ሆነ፣ ቅጹ ምልክት የሚደረግበት ዝርዝር ሆነ። አንዳንዷ እናት እንደ ውል ያዘችው፤ አንዳንዱ ሐኪምም እንደ ክስ ተቀበለው። «ዕቅድ ይዛ የመጣች ሴት መጨረሻዋ ኦፕራሲዮን ነው» የሚል የሆስፒታል ቀልድ ተፈጠረ። ለእናቲቱ «ተለዋዋጭ ሁኚ፣ አትድረቂ» የሚል ምክር በዛ። ምክሩ መልካም ነው። ቢሆንም ታሪኩን ያየ ሰው አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ስድሳ ዓመት ሙሉ አልተለዋወጥም ብሎ የቆየው ማን ነበር? እሷ ናት ወይስ የሚያዋልዳት ቤት?

ሁለት መስመሮች

የዚህ ሁሉ መልስ ግማሹ የተገኘው በዚያው ዘመን ሌላ ቦታ፣ እዚህ አፍሪካ ውስጥ ነው።

በ1955 ኒውዮርክ ውስጥ ኢማኑኤል ፍሪድማን የተባለ ሐኪም የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ 500 ሴቶችን ምጥ ተከታትሎ የማሕፀን በር በየሰዓቱ ስንት እንደተከፈተ በግራፍ ላይ አስቀመጠ። ምጥ በወረቀት ላይ መስመር ሆኖ ታየ። በ1972 ሂው ፊልፖት እና ካስል የተባሉ ሐኪሞች፣ በያኔዋ ሮዴዥያ ሳልስበሪ ከተማ (ዛሬ ሐራሬ)፣ ይህን ግራፍ ለሌላ ችግር አዋሉት። ችግራቸው እኛ የምናውቀው ችግር ነው፦ ብዙ ወላድ፣ ጥቂት ሐኪም። በየገጠሩ ክሊኒክ አንዲት አዋላጅ ብቻዋን አለች። መቼ ትጠብቅ? መቼ «ይህቺን ወደ ሆስፒታል ውሰዷት» ትበል?

ሁለት መስመር አሰመሩላት። አንደኛው የማስጠንቀቂያ መስመር፦ በሰዓት አንድ ሳንቲ ሜትር። የሴትየዋ ምጥ ከዚህ ከዘገየ ክሊኒኩ ላይ አትቆይ፣ መኪና ይፈለግ። ሁለተኛው ከእሱ አራት ሰዓት ወደ ቀኝ የተሰመረ የእርምጃ መስመር፦ እዚህ ከደረሰ ውሳኔ ይወሰን፤ መድኃኒት ይሁን፣ ኦፕራሲዮን ይሁን፣ ግን ዝም ብሎ መጠበቅ አበቃ። ፓርቶግራፍ የምንለው ይህ ነው፤ በየጤና ጣቢያችን ግድግዳ ላይ የምናየው።

የክሮፍትን ሌሊት አስታውሱ። ሲምስ በሌላው ክፍል እየጠበቀ ነበር። የጠፋው ሁለተኛው መስመር ነው።

በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት በደቡብ ምሥራቅ እስያ 35,484 ሴቶች የተካተቱበትን የፓርቶግራፍ ጥናት ውጤት አወጣ። ከ18 ሰዓት በላይ የሚፈጅ ምጥ ከመቶ 6.4 ወደ 3.4 ወረደ፤ ሞቶ የሚወለድ ልጅ ከመቶ 0.5 ወደ 0.3። ድንገተኛ ኦፕራሲዮንም ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። መቼ መንቀሳቀስ እንዳለበት ያወቀ ሰው ያለ ጊዜው አይቸኩልም።

ግን መስመሩም ራሱ ደንብ ሆኖ ደረቀ። «በሰዓት አንድ ሳንቲ ሜትር» የሚለው ለሁሉም ሴት የሚሠራ መሰለ፤ ቀስ እያለ በሰላም የሚሄድ ምጥ ላይ መርፌ ተቸኮለ። በኋላ የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ብዙ ጤነኛ ሴቶች ከስድስት ሳንቲ ሜትር በፊት ከዚያ በጣም በዝግታ እንደሚከፈቱ አሳዩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ይህ ልክ ለሁሉም አይሆንም አለ፤ በ2020 ፓርቶግራፉን የሚተካ አዲስ የምጥ መከታተያ ቅጽ አወጣ።

በዚህ አዲስ ቅጽ ላይ የልጁ የልብ ምትና የማሕፀን በር አጠገብ ሌሎች ረድፎች አሉ፦ አብሯት ሰው አለ? የሚጠጣ አግኝታለች? ሕመሟ ታክሟል? በምን አኳኋን ናት? ከታች ደግሞ ከእናቲቱ ጋር ተመካክሮ የሚሞላ ቦታ አለ፤ «የታየው» እና «ዕቅዱ»። ዕቅዱ አንዴ ብቻ አይጻፍም፤ በታየች ቁጥር እንደገና ይጻፋል። ሲምኪንና ራይንኪ በ1980 እናቲቱ ትጠይቅ ያሉት እና ፊልፖት በ1972 አዋላጇ ትለካ ያለው አንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ።

ወደ እኛ

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ታሪክ በአንዲት ልዕልት ስም ይያያዛል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምረው ተመረቁ። አገር ነፃ ስትወጣ ተመለሱ፤ በ1942 አገቡና ወደ ነቀምት ሄዱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ፣ በ22 ዓመታቸው፣ በእርግዝና ምክንያት ደም ፈሷቸው አረፉ። ነርስ ነበሩ፤ የንጉሥ ልጅ ነበሩ። ደም ሲፈስ ማዕረግ አይጠይቅም።

በስማቸው መታሰቢያ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ተሠራ፤ ለዚህ ገንዘብ ካሰባሰቡት አንዷ ለሴቶች የምርጫ መብት ስትታገል የኖረችው ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናት። በ1959 ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ አዋላጆች ለማሠልጠን በሦስት ዓመት ውል የመጡት ወደዚሁ ሆስፒታል ነው። ዕቅዳቸው ሦስት ዓመት ነበር። ያገኟቸው ሴቶች ግን ዕቅዱን ለወጡት፦ ሁለት ሦስት ቀን አምጠው፣ የልጁ ጭንቅላት መሀል ላይ ተቀርቅሮ ሥጋቸው ሞቶ የተቀደደ፣ ልጃቸው የሞተ፣ ሽንታቸው የሚፈስ፣ ከቤት የተገለሉ። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን መሠረቱ፤ ዶክተር ካትሪን በ2020 ሲያርፉ ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል።

ፊስቱላ የሁለተኛው መስመር አለመኖር በሴት ሥጋ ላይ የጻፈው ነው። እቤት የመውለድ ልማዱ ራሱ ክፉ አልነበረም፤ እናት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ ጸሎት አለ፣ የልምድ አዋላጇ እጅ አለ። «ከዚህ በላይ አንጠብቅም» የሚል ሰዓት ግን አልነበረም፤ ቢኖርም መንገድ አልነበረም። ሁለት ተመራማሪዎች፣ ታዲየስ እና ሜን፣ በ1994 መዘግየቱን በሦስት ከፈሉት፦ ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። በዛሬዋ ኢትዮጵያ ገጠር የወሊድ ዕቅድ ማለት ለእነዚህ ሦስቱ መልስ ማዘጋጀት ነው፦ የት ትወልጃለሽ? ቃሬዛውን እነማን ይሸከማሉ? አምቡላንስ ቁጥሩ ማን ጋ ነው? ገንዘቡ ማን እጅ አለ? ደም ካስፈለገ ማን ይሰጣል? ባልሽ ባይኖር ማን ይወስን? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል።

ቤቷ የራቀባት ሴት ቀኗ ሲቃረብ መጥታ ጤና ጣቢያው አጠገብ የምትቆይበት የእናቶች ማቆያም የዚሁ ዕቅድ አካል ነው። በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል ይህን ከሌሎች ቀድሞ ለብዙ ዓመታት አሠርቷል።

ሆኖም ማቆያም አምቡላንስም ቀርቦ ሴቶች ያልመጡበት ጊዜ ነበር። በ2000 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት በጤና ተቋም የተወለደው ከመቶ አምስት ብቻ ነበር። ለምን እንዳልመጡ ሲጠየቁ መልሳቸው ርቀት ብቻ አልነበረም። ከፍ ያለ አልጋ ላይ በጀርባ ተኝቶ ተገልጦ መታየት፣ የማያውቁት ወንድ፣ ቁጣ፣ ቤተሰብ በር ላይ መቅረቱ። ከዘመናት በፊት ለአሜሪካው መጽሔት የጻፉት እናቶች ካሉት ብዙ አይለይም።

ከዚያ በኋላ በየወረዳው የሆነው ነገር፣ ለእኔ፣ ከታሪኩ ሁሉ ደስ የሚለው ነው። ጤና ጣቢያዎች ራሳቸውን ለወጡ። ገንፎ የሚገነፋበት ማድቤት ተሠራ። ቡና ተፈላ። አብራት የመጣች ሰው ትግባ ተባለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ቤት እየዞሩ ነፍሰ ጡሮችን በስም አወቋቸው። ገንፎው ብቻ አይደለም ያመጣቸው፤ መንገዱም፣ አምቡላንሱም፣ ትምህርቱም አለበት። ግን በ2019 ጥናት ከመቶ 48 ደርሷል። ግማሹ ገና ነው፤ የመጣው ግማሽ ግን የመጣው ተቋሙም ወደ እሷ ስለሄደ ነው።

ስለዚህ ያቺ ዋሽንግተን ያለች ሴት ወረቀቷን ትሙላ። የምትፈልገውን ትጻፍ፤ ማን አብሯት እንዲገባ፣ በምን ቋንቋ እንዲያናግሯት፣ ምን እንዲቆያት፣ ምን እንዳይደረግባት። ከዚያ ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ሌላ መስመር ትጨምር፦ ይህ ካልሆነ ምን ይሆናል? ምን ሲታይ ነው የሚለወጠው? ሲለወጥ ማን ይነግረኛል፣ ለመጠየቅስ ስንት ደቂቃ አለኝ? ሐኪሟን ቀጠሮ ላይ ይህንኑ ትጠይቀው። ለእነዚህ ጥያቄዎች ቁጭ ብሎ የሚመልስ ሐኪም ካገኘች፣ በምጡ ሌሊት «ነገሩ ተቀይሯል» ሲላት ታምነዋለች። ካልመለሰላት ደግሞ ገና ጊዜ አለ፤ ሌላ ሐኪም ትፈልግ።

እናቷ አገር ቤት ሆና ገንፎውን ታስብ፤ በየትኛውም መንገድ ብትወልድ ያስፈልጋታል።